የቆመ ድንጋይ ከመካ እስከ ቪዲዮ ጨዋታ

በኩፋ ከተማ የኖረውና በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፈው ሂሻም ኢብን አል ከልቢ የተባለው ሊቅ፥ ዓረቦች ከእስልምና በፊት ያመልኳቸው ስለ ነበሩት ጣዖታት አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ ከተረካቸው ልማዶች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። መንገደኛው በበረሃ ሲጓዝ ውሎ ለማደር በሰፈረ ጊዜ አራት ድንጋዮች ይለቅማል፤ ከአራቱም መልኩ ያማረውን መርጦ ጌታ አድርጎ ያቆመዋል፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን ጉልቻ አድርጎ ድስቱን ይጥድባቸዋል። ተነሥቶ ሲሄድም ጌታውንም ጉልቻውንም በአንድነት ጥሎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለውም ሰፈር እንደዚሁ ያደርጋል።

ይህን የሚያነብ ደቀ መዝሙር ሳይስቅ አይቀርም። አምላክንና ጉልቻን ከአንድ ክምር መልቀም የሚያስቅ ነገር ነውና። ሆኖም ሳቁ ሳያልቅ ዐይኑን ወደ ዘመኑ ወጣት ቢመልስ፥ የዚያ መንገደኛ ልማድ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ይገነዘባል።

በ2011 በአሜሪካ አገር ተሠርቶ የወጣ ስካይሪም የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ጨዋታ ዓለም ውስጥ በየተራራውና በየሜዳው የቆሙ 13 ድንጋዮች ይገኛሉ። ተጫዋቹ ጉዞውን እንደ ጀመረ በመንገድ ዳር ሦስቱን ያገኛል፤ አንደኛው የጦረኛ፥ ሁለተኛው የአስማተኛ፥ ሦስተኛው የሌባ ድንጋይ ይባላል። አንዱን መርጦ በእጁ ሲነካው ድንጋዩ ያበራል፤ ብርሃኑም ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ የመረጠውን ሙያ ከቀድሞው 20 በመቶ ፈጥኖ ይማራል። ጥቂት ሄዶ ከፊተኛው የሚሻል ሌላ ድንጋይ ያገኘ እንደ ሆነ ያን ይነካል፤ የፊተኛውም በረከት በዚያው ይቀራል። እንግዲህ የአል ከልቢ መንገደኛ ከዚህ በምን ይለያል? ጉልቻው ብቻ ጎደለ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማጥራት ያስፈልጋል። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሲሰሙ ወዲያው ጣዖት ማምለክ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ግን ከነገሩ የራቀ ነው። ማንም ልጅ ለስካይሪም ድንጋይ አይሰግድም፤ ዕጣን አያጥንለትም፤ እናቴን ፈውስልኝ ብሎ አይሳልለትም። ድንጋዩ በመስኮት ላይ የሚታይ ብርሃን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ራሱ ልጁ ያውቃል። ጉድለቱ በሌላ ስፍራ ነው። የጨዋታው ድንጋይ ሰጪ ብቻ ሆኖ ተሠርቷል፤ ከሚነካው ሰው አንዳች አይጠይቅም። ስእለት የለበትም፤ ምስክርነት የለበትም፤ ወደ እርሱ የሚያስመልስ ግዴታም የለበትም። የእምነትን መልክ ይዞ የእምነትን ዕዳ ትቷል።

በመጻሕፍት የሚገኙት የቆሙ ድንጋዮች እንዲህ አይደሉም። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ሲሄድ በሎዛ አደረ፤ ተንተርሶት ያደረውንም ድንጋይ ማልዶ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ዘይትም አፈሰሰበት፤ የዚያንም ስፍራ ስም ቤቴል አለው (ዘፍ. 28)። ይህም ሰው መንገደኛ ነው፤ ድንጋዩም ከመንገድ ዳር የተነሣ ነው፤ ታዲያ ከዓረቡ መንገደኛ በምን ይለያል ቢባል፥ በስእለቱ ይለያል። ያዕቆብ ከሚያገኘው ሁሉ ከዐሥር አንዱን ሊሰጥ ተሳለ፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ ወደዚያው ስፍራ እንዲወጣ ታዘዘ (ዘፍ. 35)። ድንጋዩ እርሱን አልተከተለውም፤ እርሱ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ እንጂ። ኢያሱም በሴኬም ታላቅ ድንጋይ ከዛፍ በታች ባቆመ ጊዜ፥ ያ ድንጋይ በሕዝቡ ላይ ምስክር እንዲሆን ነው (ኢያ. 24)፤ ለሕዝቡ ኃይል እንዲጨምርላቸው አይደለም። ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የቆሙትም ልጆች ይህ ምንድር ነው ብለው አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነው (ኢያ. 4)። በሌላ በኩል እነዚሁ መጻሕፍት ሐውልት አታቁም ይላሉ (ዘዳ. 16፥ ዘሌ. 26)። ይህን የሚያይ ጀማሪ ተማሪ ሕጉ ራሱን የተቃረነ ይመስለዋል። ነገር ግን የተፈቀደውና የተከለከለው በድንጋዩ ዓይነት አልተለየም፤ ሰውን የሚያስታውሰው ድንጋይ ተፈቀደ፤ ሰው ለፈቃዱ ማስፈጸሚያ የሚያቆመው ተከለከለ።

ለዚህ ነገር ከምድር ሁሉ ይልቅ ግልጥ ምሳሌ የሚገኝባት ከተማ መካ ናት። ክርስቲያን ወደ መካ መግባት አይፈቀድለትም፤ ከጅዳ የሚወጣው አውራ ጎዳና ገና ከተማዋ ሳይደረስ እስላም ላልሆኑት መንገዱን ያሳልፋቸዋል። ሆኖም በዚያ የሚደረገው ሁሉ በጽሑፍ የታወቀ ስለ ሆነ ከሩቅ ሊማሩት ይቻላል። በ630 የእስልምና ነቢይ መሐመድ ከተማዪቱን በያዙ ጊዜ በካዕባ ዙሪያ 360 ጣዖታት ቆመው እንደ ነበሩና ሁሉም እንደ ተጣሉ የእስላም ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ነገር ግን አንድ ድንጋይ ቀረ፤ እርሱም በካዕባ ማዕዘን የተተከለው ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ድንጋዩን ሊስሙ በቀረቡ ጊዜ፥ የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፥ ነቢዩ ሲስሙት ባያዩ ኖሮ እንደማይስሙት መናገራቸው በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ታሪክ ነው። የዚህን ንግግር ሐሳብ ያስተውሏል። ከስካይሪሙ ድንጋይ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ድንጋዩ ምንም እንደማይሰጥ አስቀድሞ ተነገረ፤ ሰውየው ግን ሳመው። በ930 ቀራሚጣ የተባሉት ወገኖች ይህንኑ ድንጋይ ነቅለው ወስደውት ነበር፤ እስከ 952 ድረስም አልተመለሰም። በነዚያ ከ20 በሚበልጡ ዓመታት ግን ካዕባን መዞር አልቀረም።

ከዚያው ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ሚና በተባለው ስፍራ ደግሞ ሌሎች ሦስት የቆሙ ነገሮች አሉ፤ ጀመራት ይባላሉ። በእስላሞች ትውፊት ሰይጣን አብርሃምን ሊያሰናክለው የተገለጠባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ ሐጅ አድራጊው እንደ ሽንብራ ያለ ጠጠር ለቅሞ ሰባት ሰባት ጊዜ ይወግራቸዋል። እንግዲህ በአንድ የሐጅ ሥርዓት ውስጥ አንዱ ድንጋይ ይሳማል፤ ሌላው ይወገራል። በ2004 የሐጅ ወራት በጀመራት በተፈጠረው መጨናነቅ 251 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ሦስቱን ዓምዶች አንሥቶ በስፍራቸው 26 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ግንቦች ሠራ። ዓምዱ ግንብ ሆነ፤ ሥርዓቱ ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። ማንም ሐጅ አድራጊ ቅርጹ ስለ ተለወጠ ሐጄ ከንቱ ሆነ አላለም። ቅርጹን ብቻ ወስዶ ሥርዓቱን የሚተው የጨዋታ ሠሪ ይህን ቢያስብ መልካም ነበር።

የመካን ነገር ለኢትዮጵያዊ ደቀ መዝሙር የሚያቀርብለት ሌላም ታሪክ አለ። መሐመድ ነቢይ ነኝ ብለው ከመነሣታቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ካዕባ ፈርሶ እንደ ገና ተሠራ። ለሥራውም በጅዳ አቅራቢያ ባሕር ዳር የተሰበረ መርከብ እንጨት ተወሰደ፤ ባቁም የተባለ አናጢም ሠራው። የመካ ታሪክ ጸሐፊ አል አዝረቂ እንደ ገለጠው፥ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ 16 የድንጋይና 15 የእንጨት ረድፍ ነበረው። የእስላም ሕንፃዎችን ታሪክ ያጠናው እንግሊዛዊው ሊቅ ክሬስዌል በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ይህ አሠራር የአክሱም ሰዎች አሠራር እንደ ሆነ፥ ባቁም የሚለውም ስም ዕንባቆም ከሚለው እንደ ወጣና ሰውየው ሐበሻ ሳይሆን እንዳልቀረ አሳብ አቅርቧል። ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ሆኖም ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው አሠራሩ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ በገመድ ተስቦ ከወጣ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳና ከእንጨቱ ጫፍ ብቅ ብቅ ያሉትን የዝንጀሮ ራሶች ማየት ይበቃዋል። ዛሬ የሚታየው ካዕባ በ1630 አካባቢ የታደሰው ስለ ሆነ ያ የእንጨት ረድፍ በእርሱ የለም።

እነዚሁ የዝንጀሮ ራሶች በሌላ ስፍራ በድንጋይ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ይኸውም በአክሱም ሐውልቶች ላይ ነው። ታላላቆቹ ሐውልቶች በሙሉ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ምሳሌ ናቸው፤ በር አላቸው፥ መስኮት አላቸው፥ የእንጨቱም ጫፍ በድንጋይ ተመስሏል። ከሁሉ የሚበልጠው 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሲሆን ወድቆ ተሰብሯል፤ 24 ሜትር የሚሆነው በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 ተመለሰ፥ በ2008ም ተተከለ። በ1970ዎቹ ኔቪል ቺቲክ፥ በ1990ዎቹም ዴቪድ ፊሊፕሰን ስፍራውን ቆፍረው እንዳሳዩት፥ ከሐውልቶቹ ሥር የመቃብር ቤቶች አሉ። ሐውልቱ የመቃብር ምልክት ነው ማለት ነው። ከእግሩ ሥር በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ጽዋ መሰል ጎድጓዶች ተቀርጸዋል፤ ለሙታን የሚቀርብ መሥዋዕት ወይም መጠጥ የሚፈስባቸው እንደ ነበሩ ይገመታል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረው የክበብና የጨረቃ ምልክት ለመስቀል ስፍራውን ለቀቀ፤ እንደነዚያ ያሉ ታላላቅ ሐውልቶችን መትከልም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም።

ይህ ሁሉ ከቪዲዮ ጨዋታ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ የአክሱም ሐውልት ራሱ ወደ ጨዋታ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሲቪላይዜሽን የሚባለውና ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የሚመራበት ታዋቂ ጨዋታ አለ። በአራተኛው ክፍል በ2007 በተጨመረው እትም ኢትዮጵያ ገባች፤ መሪዋ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሆኑ፤ ለእርሷ ብቻ የተሰጠውም ልዩ ሕንፃ ሐውልት ነበር። በአምስተኛው ክፍል በ2012 በወጣው እትም መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ፤ ሐውልቱም እንደ ገና ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሐውልቱን የሠራ ተጫዋች በየተራው 2 ነጥብ እምነት ያገኛል። ተጫዋቹ ያን ነጥብ አጠራቅሞ ሃይማኖት ይመሠርትበታል፤ ወይም ሚስዮናውያን ይገዛበታል። በ2025 በወጣው በሰባተኛው ክፍል ደግሞ አክሱም ራሷን ችላ እንደ አንድ ሕዝብ ገብታለች፤ ሐውልቷንም ይዛ ነው የገባችው።

ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ ምስጋናውን መንፈግ አይገባም። በጃፓንና በብራዚል የሚኖር ልጅ አክሱም የሚለውን ስም የሰማው በዚህ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያ በራብ ዜና ብቻ ትታወቅ ከነበረበት ዘመን ይህ ይሻላል። ነገር ግን የዘርዐ ያዕቆብን ስም ከሐውልቱ ጋር ማጣመር ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም ነው። እኒህ ንጉሥ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ፥ በ1436 በአክሱም ሥርዓተ ንግሣቸውን ያስፈጸሙ፥ መጽሐፈ ብርሃንን የደረሱ፥ ባዕድ አምልኮን ያለ ርኅራኄ ያሳደዱ፥ ክርስቲያኖች ሰይጣንን መካዳቸውን በአካላቸው ላይ እንዲይዙ ያዘዙ ናቸው። ከአምልኮተ ጣዖት ጋር ሲታገሉ የኖሩትን ንጉሥ ከክርስትና በፊት የቆመ የመቃብር ድንጋይ ሰጥቶ በርሱ ይራቡ ማለት ቀልድ ይመስላል። ጨዋታ ሠሪው ግን አልቀለደም፤ ኢትዮጵያን የምታስታውስ ረጅም ድንጋይ ፈልጎ ነበር፥ አገኘ።

ከዚህ የሚከፋው የ2012ቱ ነው። ሐውልት እምነትን ያወጣል፤ እምነትም ይቆጠራል፤ የተቆጠረውም ይገዛበታል። አክሱምን ያነጹ ሰዎች ሐውልቱን ሲተክሉ ለሞተው ንጉሣቸው የሰጡት እንጂ ከእርሱ የተቀበሉት ነገር አልነበረም፤ 520 ቶን ድንጋይ ከጎቦ ድራ ቋጥኝ ቈርጦ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጎተት የሚያስፈልገውን ሰውና ጊዜ ማሰብ ነው። ጨዋታው ይህን ገልብጦ ድንጋዩን ከፋይ፥ ሰውን ተቀባይ አደረገው።

ጨዋታ ነው፥ ምን አለበት የሚል መልስ ይሰማል። ገበጣም ጨዋታ ነው፤ ሆኖም የገበጣ ጉድጓድ ጠጠር ይዤአለሁ ይላል እንጂ ጸበል ይዤአለሁ አይልም። ደግሞም ሁሉም ጨዋታ አንድ አይደለም። በ2020 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ የተባለው በእንግሊዝ አገር የቆሙ ድንጋዮች አሉበት፤ በድንጋዮቹ ላይ የተበታተኑት ምልክቶች አንድ ሥዕል የሚሆኑት ተጫዋቹ ትክክለኛውን መቆሚያ ፈልጎ ካገኘ ብቻ ነው። ቢያንስ ያ ድንጋይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰውየውም እንደ ድንጋዩ ይቆማል እንጂ ድንጋዩ እንደ ሰውየው አይዞርም።

የጨዋታ ኩባንያዎች ስለ ሃይማኖት ምልክት ሲወቀሱ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ መፋቅ። በ1998 በጃፓን የወጣው ዜልዳ የተባለው ጨዋታ በአንድ ጋሻ ላይ ጨረቃና ኮከብ፥ በአንድ ቤተ መቅደስም ውስጥ የእስላሞችን ጸሎት የሚመስል ዜማ ነበረው፤ በኋላ በወጡት ቅጂዎች ሁለቱም ተለወጡ። በ2008 ሊትል ቢግ ፕላኔት የተባለው ጨዋታ ከአንድ ዘፈኑ ውስጥ የቁርዓን ቃል ስለ ተገኘበት ወደ ገበያ ሳይወጣ እንዲዘገይ ተደረገ። በ2021 ደግሞ ፎርትናይት በተባለው ጨዋታ ካዕባን የሚመስል ሕንፃ ማፍረስ አለ ተብሎ በካይሮ የአል አዝሃር የፈትዋ ማእከል አስጠነቀቀ፤ ኩባንያው ያን የሠራው አንድ ተጫዋች እንጂ እኛ አይደለንም አለ። ኩባንያዎቹ ማክበራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ የማንንም ቅዱስ ስፍራ ለመቀለጃ ማቅረብ ነውር ነውና። ነገር ግን መፋቅ ማስተማር አይደለም። የጨረቃውን ምልክት ብቻ ብንወስድ፥ በአክሱም ነገሥታት ገንዘብና በመጠራ ሐውልት ላይ የታተመው እስልምና ከመነሣቱ ከ300 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አስቀድሞ ነው። ምልክቱ የማን ነው? የጋሻው ምልክት ሲፋቅ ይህ ጥያቄ አብሮ ተፋቀ።

በዚህ ረገድ የሳዑዲ ዓረቢያን ያህል ፈጥኖ የተለወጠ የለም። በ2001 የዚያ አገር የሃይማኖት ሊቃውንት ፖኬሞን የተባለውን የልጆች ጨዋታ ከለከሉ፤ ቁማር አለበት፥ መስቀልና ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የመሳሰሉ ምልክቶችም አሉበት ሲሉ ነው። በ2023 የመንግሥቱ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ንብረት የሆነው ሳቪ የተባለው ኩባንያ ስኮፕሊ የተባለውን የአሜሪካ ጨዋታ ሠሪ በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ስኮፕሊም በ2025 ፖኬሞን ጎ የተባለውን ጨዋታ ከሌሎች ጋር በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ፖኬሞን ጎ ደግሞ በስልክ እየተመለከቱ በእውነተኛ መንገድ የሚጫወቱት ነው፤ በየከተማው ያለ ሐውልት፥ ቤተ ክርስቲያን፥ የመታሰቢያ ድንጋይ ስጦታ የሚታፈስበት ስፍራ ሆኖ ተመዝግቦበታል። ጨዋታው በወጣበት በ2016 በፖላንድ የሚገኘው የአውሽቪትስ መታሰቢያ ስፍራው ከጨዋታው እንዲወጣለት እስከ መለመን ደርሷል። እንግዲህ የጨዋታው ድንጋይ ከመስኮቱ ወጥቶ እውነተኛውን ድንጋይ ያዘው ማለት ነው፤ ባለቤቱም መካን የምታስተዳድረው አገር ሆነች። የክልከላው ምክንያት የነበሩት ምልክቶች ግን እስከ ዛሬ በግልጽ አልተመረመሩም፤ በፊት ተከለከሉ፥ በኋላም ተገዙ።

ለአንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለው፥ በጅዳ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ማሰብ ይገባል። በዚያች ከተማ በቤት ሠራተኝነት፥ በሾፌርነትና በንግድ የሚኖሩ ብዙ ሺህ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፤ እዚያው የተወለዱ ልጆችም አሉ። የእስላሙ ልጅ መካ ከቤቱ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከአባቱ ጋር ሄዶ ጥቁሩን ድንጋይ ያያል፤ ለምን እንደሚሳምና ለምን እንደማይመለክ አባቱ ይነግረዋል። የክርስቲያኑ ልጅ ግን በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን መሥራት ስላልተፈቀደ ደጀ ሰላም ሳይረግጥ፥ የበዓል ከበሮ ሳይሰማ ያድጋል። ከእናቱ ቃልና በግድግዳ ከተሰቀለች ሥዕል በቀር ስለ አገሩ ቅዱሳት መካናት የሚነግረው ማን ነው? አንዳንዱ የአክሱምን ሐውልት በመጀመሪያ ያየው በሲቪላይዜሽን ቢሆን፥ ከዓለት የተፈለፈለውንም ቤተ ክርስቲያን በ2020 ለዚያው ጨዋታ ለስድስተኛው ክፍል በተጨመረው የኢትዮጵያ እትም ቢሆን አያስደንቅም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጨዋታው መምህር ሆኗል፤ ያስተማረውም ሐውልት 2 ነጥብ እምነት ይሰጣል ብሎ ነው። ልጁን መገሠጽ ከንቱ ነው፤ ሌላ መምህር አልመጣለትምና።

ለካህናት ትምህርት ቤት ደቀ መዛሙርት የተተወው ሥራ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ከመምህራን የሚሰማው አንድም ዝምታ፥ አንድም ውግዘት ነው። ዝምታው ልጁን ለጨዋታው ይተወዋል፤ ውግዘቱም መምህሩ ጨዋታውን አይቶት እንደማያውቅ ወዲያው ስለሚያስታውቅበት ልጁ ከዚያ ወዲያ አይሰማም። ይልቅስ ጨዋታውን ያየ፥ የዘፍጥረትን 28ኛ ምዕራፍም ያነበበ ደቀ መዝሙር ልጁን ሦስት ነገር ቢጠይቀው ይጠቅማል። ይህ ድንጋይ ማን አቆመው? ስለ ምን አቆመው? አንተንስ ምን ይጠይቅሃል? በመጨረሻው ጥያቄ የስካይሪም ድንጋይ መልስ የለውም፤ ልጁም ይህን ለማወቅ ከመምህሩ ይልቅ ፈጣን ነው።

በእርግጥ በድንጋይ ነገር መሳሳት የጨዋታ ሠሪዎች ብቻ ልማድ አይደለም። በሶዶ ጢያ ያሉትንና ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን፥ በአንዳንዶቹ ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን 36 ድንጋዮች የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ቁፋሮው ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የተቀበሩ ሰዎች መቃብር መሆናቸውን አሳይቷል። ሕዝብ የማያውቀውን ድንጋይ ለሚያውቀው ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሌላውን ከማረም በፊት ወጥቶ ማየትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም በዓል ወደ አክሱም የሚጎርፈው ተሳላሚ በሐውልቶቹ አጠገብ አልፎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ አብዛኛውም ቀና ብሎ ቁመቱን አድንቆ። ከውጭ አገር ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆችም በመካከሉ ይገኛሉ። በዚያን ቀን በስፍራው የሚገኙ ደቀ መዛሙርት የሐውልቱን ቁመት መንገር ትተው ልጆቹን ወደ እግሩ ዝቅ አድርገው፥ በንጣፉ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ጽዋዎች ቢያሳዩአቸው፥ ያ ጽዋ የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ እንዳልነበረ ቢነግሯቸው፥ ከዚያም ጥቂት እርምጃ አልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢወስዷቸው፥ የ2 ነጥብ ሂሳብ ከየት እንደ መጣ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።